ጋሽ በላቸው ያላሳደጓቸው ልጆች

ልጄ ዮናስ በሥራ ሰዓት ቤት አይመጣም። ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ግን ቀትር ሳይደርስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለው ነው።

«እማ፣ ጋሽ በላቸው አረፉ» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

እሱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ። ስለ እሳቸው ልጻፍ ብዬ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ብዙ ማውራት አልችልበትም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

ጋሽ በላቸው እኔ እሠራበት የነበረው የጉለሌ ሹራብ ፋብሪካ የኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ራሳቸውም ለዚያው ቡድን ተጫውተዋል። ያኔ ቡድን ማለት ከፈረቃ የወጡ ሠራተኞች ሱሪያቸውን ጠቅልለው የሚሯሯጡበት ነገር ነበር ይሉናል። ደርግ ከመጣ በኋላ ፋብሪካው ተጫዋቾቹን ከሰፈሩ ወጣቶች እንዲያወጣ ተባለ። ከሌላ ቡድን ሰው ማምጣት ቀረ። አለቆቹ ጋሽ በላቸውን ጠሩና «ከታች ጀምረህ ተጫዋች አፍራ» አሏቸው።

እሳቸውም ሦስት ደረጃ ሠሩ። የታችኛው «ሲ» ይባላል። የየቀበሌው ልጆች ናቸው፤ ማሊያቸው ቁጥር የለውም። መካከለኛው «ቢ» ነው። ቁጥር ይለብሳል፣ ከሌሎች ፋብሪካዎች ልጆች ጋር ይገጥማል። ከዚያ በላይ ዋናው ቡድን አለ። ዋናው ቡድን የገባ ልጅ ፋብሪካው ውስጥ ይቀጠራል፣ ምሳ እዚያው ይበላል፣ እናቱን ይረዳል። ስለዚህ በሰፈራችን ኳስ ጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ዋናው ማለፍ «ማደግ» ይባል ነበር። እገሌ አደገ፣ እገሌ አላደገም፣ እገሌ ሊያድግ ነው። እኛ እናቶች ቦኖ ውኃ ላይ ተሰልፈን የምናወራው ይህንኑ ነው።

«ያንቺስ አላደገም?» ትለኛለች አንዷ።

«ገና ነው» እላለሁ።

«ገና ነው» የጋሽ በላቸው ቃል ነበር። ልጅ ጎል አግብቶ እየዘለለ ሲመጣ «ገና ነው» ይሉታል። ወድቆ እያነከሰ ሲመጣም «ገና ነው» ይሉታል። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲቀልዱ ድምፃቸውን ወፈር አድርገው እንዲሁ ይባባሉ ነበር። ይሰሟቸዋል፤ አይቆጡም።

አዲስ ልጅ ሲመጣላቸው ኳስ አያስነኩትም። መጀመሪያ ያስኬዱታል።

«እስቲ እስከዚያ ባሕር ዛፍ ድረስ ሂድና ተመለስ። አትሩጥ። እናትህ ጨው ግዛ ብላ እንደላከችህ ሆነህ ሂድ።»

ልጁ ሲሄድ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው እግሩን ያያሉ። ከዚያ ነው ኳስ የሚሰጡት ወይም ወደ ቤቱ የሚሸኙት። ፊሽካ አንገታቸው ላይ ነበር፤ ሲነፉት ግን አላየሁም። በእጃቸው ያጨበጭባሉ። «ፊሽካ የዳኛ ነው፤ እኔ በማንም ላይ አልፈርድም» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው በወሊድ ከነልጇ ሞታባቸዋለች ይባል ነበር። ሌላ አላገቡም። አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አገራቸው ሩቅ ነው፤ ከተማ ውስጥ ዘመድ አልነበራቸውም።

እኔን ያወቁኝ በስፌት ነው። ፋብሪካው ውስጥ የምሠራው የሹራብ መጨረሻ ስፌት ክፍል ነበር። ልጅ ሲያድግ ማሊያውን ይዘው ይመጣሉ።

«አልማዝ፣ አንድ አድጎልኛል። ቁጥር ስፊለት።»

በምሳ ሰዓት ነጭ ጨርቅ ቆርጬ እሰፋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። «ጠበቅ አድርጊው፤ ይጎትቱታል» ይሉኛል። ለሰለሞን ዘጠኝ ቁጥርን የሰፋሁለት እኔ ነኝ።

ሰለሞን የጎረቤቴ የዘነበች አንድ ልጅ ነበር። ከዮናስ በዓመት ይበልጠዋል። ሁለቱም አባት የላቸውም፤ አንድ ደጅ ነው የተጫወቱት። ሰለሞን ቁጥሩን የለበሰ ዕለት ዘነበች እልልታዋን ለቀቀችው። ማሊያውን ለብሶ በየቤቱ እየዞረ ጀርባውን ያሳይ ነበር። ዮናስ በቅናት ራቱን አልበላም።

ብሔራዊ ውትድርና መታወጁን በሬዲዮ ሰምተናል። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ይሄዳል ተብሏል። ከእኛ ሰፈር ግን ገና ማንም አልተወሰደም፤ ስለዚህ የሌላ ሰው ነገር መስሎን ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የታጠቡ ማሊያዎች ላድርስ ብዬ በሜዳው በኩል አለፍኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጥቶ ነበር። ለሰፈራችን አዲስ ሰው ነው። ጋሽ በላቸውን በፈገግታ ጨበጣቸው።

«ጓድ በላቸው፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ዘንድሮ ያደገ አለ?»

ይህን ጥያቄ መንገደኛው ሁሉ ይጠይቃቸዋል። ፊታቸው በራ።

«እንዴታ! ሰለሞን አድጓል! ሰለሞን፣ ና እስቲ!»

ሰለሞን እየሮጠ መጣ። ጋሽ በላቸው እንደዚያ ሲኮሩ አይቼ አላውቅም። ልጁን በትከሻው ይዘው አዞሩት።

«እይልኝ እስቲ፣ ይሄ የልጅ እግር ነው? አድጓል እኮ ነው የምልህ!»

«አድጓል» አለ ሊቀ መንበሩ። ስሙን ከነአባቱ ጠየቀው። ሰለሞን ደረቱን ነፍቶ ተናገረ።

ያ ሰው የኳሱን ቋንቋ ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ በማለዳ የዘነበች በር ተንኳኳ። ጩኸቷን ሰምቼ ወጣሁ። ሰለሞን በባዶ እግሩ በሁለት ጠመንጃ መካከል ቆሟል። ዘነበች የአንደኛውን ልብስ ይዛለች።

«አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው! በመድኃኔ ዓለም፣ አሥራ ሰባት ነው!»

«አድጓል ተብሏል እናቴ» አላት አብዮት ጠባቂው። ክፉ አነጋገር አልነበረም። «አሠልጣኙ ራሱ ነው የተናገረው።»

ጋሽ በላቸው ወሬውን ሲሰሙ ወደ ቀበሌው ሮጡ። ተከትያቸው ሄድኩ። በሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ለመኑት።

«በኳስ ማለቴ ነው! ከሲ ወደ ቢ አደገ ማለቴ ነው እንጂ ዕድሜውን መች ተናገርኩ!»

ሊቀ መንበሩ ሳቀ።

«እኛም እኮ ወደ ቢ ነው የወሰድነው። ከጎበዘ ደግሞ ዋናው ቡድን ሰሜን ነው።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ጋሽ በላቸው እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። እኔ ነኝ ይዤ ያወጣኋቸው። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «በአፌ» አሉ። «አልማዝ፣ በዚህ በአፌ።»

ያን ቀን ማታውን ወደ ዘነበች ቤት ሄደው ሊቀ መንበሩ ፊት ያሉትን ሁሉ በራሳቸው አንደበት ነገሯት። እኔ አልነበርኩም። ዘነበች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሰላም አላለቻቸውም። መንገድ ላይ ስታያቸው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። እሳቸውም እስክታልፍ ድረስ ኮፍያቸውን አውልቀው ይቆሙ ነበር።

ሰለሞን ከማሠልጠኛ ሰላምታ ላከ። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። ከዚያ ዝም አለ።

ከሰለሞን በኋላ ጋሽ በላቸው ያን ቃል ተዉት። ማሊያ ይዘው ወደ እኔ መምጣት ቀረ። ሲ ያሉት ልጆች በሲ ቀሩ። ቀበሌው ደግሞ ነገሩን ለምዶታል፤ ቁጥር የለበሰ ያደገ ነው፣ ያልለበሰ ልጅ ነው። የልጆች የልደት ወረቀት የሌለበት ሰፈር ስለሆነ የእኔ ስፌት ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

በዚህ መሐል ዮናስ አሥራ ስምንት ሞላው።

ስለ ኳስ አላውቅም። ግን ዮናስ ኳስ ሲይዝ መንገደኛ ይቆም ነበር። ሱቅ ያሉ ሰዎች ሱቃቸውን ጥለው ይወጡ ነበር። ጋሽ በላቸው አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ።

«አልማዝ፣ ዮናስን አላሳድገውም።»

«እሺ።»

«ይጠላኛል። አንቺ ግን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«እሺ።»

«ለእሱ አትንገሪው። ልጅ ነው፤ ምሥጢር አይቋጥርም።» ሊሄዱ ዞረው ተመለሱ። «ኳሱ ይሞታል፣ ይገባሻል? እንዲህ ያለ ልጅ ከእንግዲህ አላገኝም። በዚህ ዕድሜው ከሕፃናት ጋር የተጫወተ ሰው ኳሱ ይሞታል።»

«ጋሽ በላቸው፣ ኳሱ ይሙት» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቀን ተሰናብተውኝ ሄዱ።

ዮናስ ክፉኛ ተቸገረ። ትንንሾቹ «አያ ሲ» አሉት። ማሊያው ክርኑ ላይ ቀርቷል፤ ከሁሉም በአንድ ራስ ይበልጣል። ቤት ሲገባ ሳህን ይወረውር ነበር።

«ጡት ካልጣሉ ልጆች ጋር ነው የሚያጫውቱኝ! ምን አድርጌያቸው ነው? አንቺስ ለምን አትናገሪያቸውም?»

«ብላ» እለዋለሁ።

«እማ!»

«ብላና ጸልይ።»

እኔም እጸልይ ነበር። ድንግል ሆይ ልጄን አታሳድጊብኝ እያልኩ። እናት እንዲህ ብላ ስትጸልይ ምን እንደሚሰማት ያለፈበት ያውቀዋል።

ሊቀ መንበሩ ሁለተኛ ጊዜ ሜዳ የመጣው በጥቅምት ነው። እሑድ ነበር። አሁን ፈገግታ የለም። ኮታው አልሞላም ይባላል፤ በአዲሱ ገበያ በኩል ልጆች ከመንገድ እየታፈሱ ነበር። ልጆቹ ሲያዩት ሩጫቸውን አቆሙ። እኔ ከሜዳው ዳር ማሊያ እያጠፍኩ ነበር።

«ዘንድሮ ያደገ የለም?»

«የለም» አሉ ጋሽ በላቸው።

«ይሄ ረጅሙስ?»

«የትኛው?»

«አታሹፍ። ይሄ ጢም ያበቀለው።»

«እሱ ሲ ነው። አላደገም።»

«ቁመቱ ካንተ ይበልጣል እኮ።»

«የአባቱ ወገን ረጃጅሞች ናቸው። በቁመት ቢሆንማ ያ ባሕር ዛፍ አምበል በሆነ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። አንደኛው አብዮት ጠባቂም ሳቁን ዋጠ። ዮናስ ግን አልሳቀም። ፊቱ ቀልቶ ወደ ፊት መጣ። እናት ነኝና ምን ሊል እንደሆነ አወቅሁ። አሥራ ስምንት ሞልቶኛል ሊል ነው። አድጌያለሁ ሊል ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ…»

ጋሽ በላቸው በጥፊ መቱት። በሕይወታቸው ልጅ መትተው አያውቁም። ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ተሰማ።

«ዝም በል! ትናንት ኳስ ተቀማሁ ብሎ ሲነፋረቅ የዋለ፣ ዛሬ በትልልቅ ሰው መሐል ይገባል! ሂድ ድንጋዩን ልቀም!»

«አያ ሲ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ እንደገና ተነሣ።

ዮናስ ቆሞ አለቀሰ። በንዴት ነው ያለቀሰው፤ ግን እንባ እንባ ነው። ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ። ሊቀ መንበሩ ለአፍታ አየውና ከትከት ብሎ ሳቀ።

«ውይ! እውነትም ሕፃን ነው። ጓድ በላቸው፣ ጡጦ ግዛለት።»

ሄዱ። ከሌላ ሰፈር የመጡ ሁለት ልጆች ከአጥሩ አጠገብ ቆመው ሲያዩ ነበር፤ እነሱን ይዘው ሄዱ። እነዚያም እናት አላቸው። ስለ ልጄ ባመሰገንኩ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል።

ጋሽ በላቸው የመቱበትን እጅ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ልምምዱ እስኪያልቅ አላወጡትም። በዚያ እጅ አላጨበጨቡም።

ከታች የሚያድግ ሲጠፋ ዋናው ቡድን ደረቀ። ተጫዋቾቹ አረጁ። ጉልበታቸው ያብጣል፤ የሚተካቸው የለም። በየሳምንቱ ተሸነፉ። የፋብሪካው ካድሬ ስብሰባ ጠራ፤ እኛም ሠራተኞቹ ተቀመጥን። ጋሽ በላቸውን አስነሥቶ ጠየቃቸው።

«ሦስት ደረጃ አለህ፣ በቂ ልጅ አለህ። ለምን አያድጉም?»

«ዘንድሮ የጉለሌ ልጅ አያድግም» አሉ።

«ለምን?»

«ገና ናቸው።»

ካድሬው «ይህ አሻጥር ነው» አለ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ከስብሰባው አዳራሽ በቀጥታ ወሰዷቸው።

የሲ ልጆች እናቶች ተራ ገብተን ስንቅ አመላለስን። ዘመድ ስላልነበራቸው «ምንሽ ናቸው?» ሲሉን «ወንድሜ ናቸው» እንል ነበር። ጠባቂዎቹ «ይህ ሽማግሌ ስንት እኅት ነው ያለው?» እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

ለዮናስ እውነቱን የነገርኩት ያን ጊዜ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማኝ። በማግሥቱ ጫማውን ለአንድ ልጅ ሰጠና የወንድሜ ብየዳ ቤት ገባ። ግቢው ከመንገድ የራቀ ነው፤ እዚያው እያደረ ሥራውን ተማረ።

ጋሽ በላቸው ሲፈቱ ሁለተኛው ፋሲካ አልፎ ነበር። በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ። የገረፏቸው ውስጥ እግራቸውን ነው። ጫማ አልገባላቸው ብሎ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዮናስን ይዤ ሄድኩ። ገብቶ ጉልበታቸውን ሳመ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩት።

«ኳስ ትጫወታለህ?» አሉት።

«ትቻለሁ ጋሼ።»

«ጎሽ» አሉት።

ዕድሜ ልኩን «ገና ነው» ሲሉት የኖሩ ሰው ጎሽ ያሉት ኳስ በመተዉ ነው። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ዮናስ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ቀረ። እኔ ሾርባውን ላሞቅ ወጣሁ።

ደርግ ወደቀ። ልጆች ከሰሜን በእግራቸው መጡ፤ ጫማ የሌላቸው፣ ፀጉራቸው የጎፈረ፣ በየመንገዱ ዳቦ የሚለምኑ። ዘነበች በየቀኑ ወጥታ ከመንገዱ ዳር ትቀመጥ ነበር። ከመሐላቸው ሰለሞንን የሚያውቅ አልተገኘም። ሞቷል ብሎ የነገራትም የለም።

ጋሽ በላቸው ወደ ሜዳ አልተመለሱም። የአንድ ጣውላ መሸጫ ዘበኛ ሆኑ። ልጆች ኳስ እያንከባለሉ ሲያልፉ ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። ዮናስ ሲያገባ እንደ አባት ሆነው ሽማግሌ ተላኩለት። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሦስቱንም አቅፈዋቸዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጄ አለ። በየቀኑ አየዋለሁ። ይህ የብዙ እናት ዕድል አልነበረም።

ቀብራቸው ላይ ከሲ ልጆች ብዙዎቹ ነበሩ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ አንዳንዶቹ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተዋል። ቄሱ ፍትሐት ሊጀምሩ ሲሉ ዞረው ጠየቁን።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት አይደረግም። የንስሐ አባታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። ዮናስ እኔን አየ፤ እኔም አላውቅም። ያን ሁሉ ዓመት ስንቅ ስንወስድላቸው፣ ልጆቻችንን ሲያቆዩልን፣ የክርስትና ስማቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

«ወልደ ገብርኤል ነው» አለ ድምፅ ከኋላ።

ዘነበች ነበረች። መምጣቷን አላየሁም። ምርኩዟን ተደግፋ ወደ ፊት መጣች።

«አንቺ እንዴት አወቅሽ?» አልኳት በጆሮዋ።

«ልጄ የተወሰደ ዕለት ማታ ቤቴ መጥተው ነገሩኝ። ‹ወደ አምላክ ስትከሺኝ በላቸው አትበይ፤ በላቸው ብዙ ነው። ሌላ ሰው እንዳይጠየቅብኝ ወልደ ገብርኤል ብለሽ ክሰሺኝ› አሉኝ።»

«ከሰስሻቸው?»

«ጧት ማታ።» ዓይኗ የሬሳ ሳጥኑ ላይ ነው። «ኋላ ክሱ ጠፋብኝ፤ ስሙ ግን ቀረ። ለልጄ በጸለይኩ ቁጥር አብሮ ይመጣል። አሁን ለያይቼ መጥራት አልችልም።»

ቄሱ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ዘነበች ምርኩዟን መሬት ላይ መታ አደረገች።

«አባቴ፣ ሌላም ስም አለ።»

«የማን ነው?»

«የልጄ። ወልደ ሚካኤል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰለሞን ፍትሐት ይደረግለት ያላትን ሁሉ ከቤቷ ስታስወጣ ኖራለች። ቄሱ እኔን አዩኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ሁለቱን ስም አከታትለው ጠሩ።